«ያው ነው» እየተባለ የሚሸጠው ኪኒን

የብር የምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ስለ መድኃኒት መወደድ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ በሚገባበት አገር ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለመገመት የኢኮኖሚ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ዋጋ ደረሰኝ ላይ የሚታይ ነገር ስለሆነ ሁሉም ይነጋገርበታል። ደረሰኝ ላይ ጎልቶ የማይታይ፣ በዚህም ምክንያት ማንም የማይቆጥረው ሌላ ችግር ግን አለ። እሱም የመድኃኒቱ መቀያየር ነው። በዚህ ወር የአንዱን ፋብሪካ፣ በሚቀጥለው ወር የሌላውን ምርት እየዋጡ መኖር ማለቴ ነው።

ለራስ ምታት ማስታገሻ ይህ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። ለታይሮይድ ሕመምተኛ ግን ያሳስባል። ይህን የምለው ከስድስት ዓመት በፊት እንቅርቴን በቀዶ ሕክምና ካስወጣሁ ወዲህ ሌቮታይሮክሲን የተባለውን መድኃኒት በየቀኑ ከሚውጡት አንዷ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። የመድኃኒቱ ባሕርይ ራሱ ስለሚያስገድድ ነው።

እስቲ ከዚሁ ባሕርይ እንነሳ። አንገታችን ላይ ያለችው ቢራቢሮ መሳይ ዕጢ የምታመነጨው ሆርሞን የሰውነታችንን የሥራ ፍጥነት ይወስናል። ሲያንስ ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ የጸጉር መሳሳትና መርሳት ይመጣል። ሲበዛ ደግሞ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰው እየበላ ይከሳል። የሚዋጠው መጠን ልክ መሆን አለመሆኑን ሐኪሙ የሚያውቀው ቲኤስኤች በተባለው የደም ምርመራ ነው። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ካለች ሌላ ዕጢ ለታይሮይድ የሚተላለፍ ትዕዛዝ ነው፤ ሆርሞኑ ሲያንስ ከፍ ይላል፣ ሲበዛ ይወርዳል። በአብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች ደህና የሚባለው ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ያለው ነው። ይህ ትዕዛዝ በጣም ስስ ነው። በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን በእጥፍ ሲለወጥ ቲኤስኤች እስከ 100 እጥፍ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ለሌላ መድኃኒት ከቁጥር የማይገባ ልዩነት እዚህ ላይ ሰውን ከሥራ ያስቀራል።

ዶዙ የሚለካው በማይክሮግራም፣ ማለትም በግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው መነሻው በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ሲሆን፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 100 አካባቢ ይሆናል። ለአረጋውያንና ልባቸውን ለሚያማቸው ከ12.5 ወይም ከ25 ይጀመራል። መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ትክክለኛው የሚገኘው እየሞከሩ ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ግማሹ እስኪቀንስ 7 ቀን ያህል ስለሚፈጅ፣ አዲስ ዶዝ ከተጀመረ በኋላ ደሙ እስኪረጋ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። አንድ ሙከራ ሁለት ወር፣ ሦስት ሙከራ ግማሽ ዓመት መሆኑ ነው። ልክን መፈለግ ማለት ሌላው ሁሉ ባለበት ቆሞ ዶዙን ብቻ እያንቀሳቀሱ ማየት ነው። እኛ ዘንድ ግን ዶዙ ቆሞ ሌላው ሁሉ ይንቀሳቀሳል።

የራሴን ልጥቀስ። ለሁለት ዓመት ያህል በ100 ማይክሮግራም፣ በአንድ ፋብሪካ ኪኒን፣ ቲኤስኤቼ 2 አካባቢ ሆኖ ደህና ነበርኩ። ከዚያ የለመድኩት ማሸጊያ ከከተማው ጠፋ። የፋርማሲው ባለሙያ ሌላ ካርቶን አውጥቶ «የኔ እህት፣ ያው ነው፤ ፋብሪካው ብቻ ነው የተለየው» አለኝ። ሰውየውን አልወቅስም፤ ከመደርደሪያው ላይ የሌለውን ሊሸጥልኝ አይችልም። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ሌሊት ልቤ እየደለቀ ያነቃኝ ጀመር። ቢሮ ውስጥ ከማንም ጋር መነጋገር አቃተኝ። ምርመራው 0.1 አለ። ሐኪሜ ወደ 75 አወረደኝ፤ 75 ስለማይገኝ 50ና የ50 ግማሽ። ይህ ሳይረጋ ሁለተኛው ምርት ደግሞ አለቀና ሦስተኛ መጣ። ከሁለት ወር በኋላ ቲኤስኤቼ 11 ሆኖ፣ በሚያዝያ ሙቀት ካፖርት ለብሼ ሐኪሜ ዘንድ ቀረብኩ። ውጤቱን ደጋግሞ አይቶ «እኔ አሁን አንቺን ነው የማክመው ወይስ ገበያውን?» አለኝ። እንደ ቀልድ ነበር የተናገረው። እኔ ግን የዚህን ጽሑፍ ጥያቄ ያገኘሁት ከዚያ ነው።

ሕመምተኛው «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ይላል፤ ቤተሰብ «ተይው ይቅርብሽ» ይላል። ለነገሩ ሌቮታይሮክሲን ሰውነት ራሱ የሚሠራው ሆርሞን ቅጂ ስለሆነ፣ የጎንዮሽ ጉዳት የምንለው አብዛኛው የመብዛት ወይም የማነስ ምልክት ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው «ይስማማኛል ወይ?» ሳይሆን «ስንት እየደረሰኝ ነው?» የሚለው ነው። በአረጋውያን ላይ ደግሞ ከልብ ድለቃ ያልፋል። ለረዥም ጊዜ ከልክ በላይ መውሰድ የልብ ምት መዛባትንና የአጥንት መሳሳትን ያመጣል።

በሌሎች አገሮችስ? ፈረንሳይ ከሁሉም ጥሩ ማስተማሪያ ናት። ሜርክ የተባለው ኩባንያ ሌቮታይሮክስ የሚለውን ምርቱን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ለወጠው። ሆርሞኑ አልተነካም። የተለወጠው ማጣበቂያው ነው፤ ላክቶስ ወጥቶ ማኒቶልና ሲትሪክ አሲድ ገባ። ለውጡን የጠየቀው ራሱ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ምክንያቱም ኪኒኑ በመደርደሪያ ላይ እንዳለ ጉልበቱ እንዳይቀንስ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ኪኒናቸው መለወጡን በወጉ ሳይረዱ ዋጡት። በበጋው ድካም፣ የጸጉር መነቀል፣ ማዞር የሚል አቤቱታ ጎረፈ፤ በብዙ መቶ ሺሕ የሚቆጠር ፊርማ ተሰበሰበ። ከጥቂት ወራት በኋላ መንግሥት የቀድሞውን ኪኒን ዩታይሮክስ በሚል ስም መልሶ ለማስገባት ተገደደ። በሊዮን ከተማ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ኩባንያው ከ3,000 ለሚበልጡ ከሳሾች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዩሮ እንዲከፍል ሲወስን፣ ጥፋቱ ኪኒኑ መጥፎ መሆኑ አልነበረም። ጥፋቱ ለሕመምተኛው በበቂ አለመንገሩ ነበር።

በሚዛን ለማየት ሌላውንም ወገን መጥቀስ ይገባል። ኒውዚላንድ ውስጥ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመሳሳይ የማጣበቂያ ለውጥ ሲደረግ አቤቱታው በአንድ ጊዜ ገነፈለ፤ ኪኒኑ ሲመረመር ግን በውስጡ ያለው የሆርሞን መጠን ልክ ነበር። ፍርሃትና የመገናኛ ብዙኃን ጩኸት ለቅሬታው መብዛት ድርሻ ነበራቸው። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ከአንዱ ፋብሪካ ሌቮታይሮክሲን ወደ ሌላው የተዘዋወሩ ሰዎች ቲኤስኤች ከሌሎቹ ይህን ያህል እንዳልተለየ አሳይቷል። «ያው ነው» የሚሉ ባለሙያዎች ይህን ቢጠቅሱ ተሳስተዋል አልልም።

ይሁንና ያ ጥናት የተሠራበትን አገር እንይ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥብቅ መመሪያ እያንዳንዱ ኪኒን የአገልግሎት ዘመኑ እስኪያበቃ ድረስ ከተጻፈበት መጠን ከ95 እስከ 105 በመቶ ውስጥ መሆን አለበት። ከ25 እስከ 300 ማይክሮግራም በ12 የተለያዩ መጠኖች ይሸጣል፤ 88ም 112ም አለ። ይህ ሁሉ እያለም እዚያው ያለው የታይሮይድ ሐኪሞች ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. መመሪያው ሕመምተኛው በአንድ ምርት ላይ እንዲቆይ መክሯል። የእንግሊዝ ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2021፣ ምርት ሲቀየር ምልክት የሚታይበት ሰው እንዲመረመር፣ ችግሩ ከቀጠለም አንድ ምርት ብቻ እንዲታዘዝለት ለሐኪሞች ጽፏል። ኪኒኑ ሙቀት፣ እርጥበትና ብርሃን አይወድም፤ ብዙዎቹ ማሸጊያዎች ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላሉ። ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በሎጊያ በኩል የሚመጣ ካርቶን፣ ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ መደርደሪያ ላይ የሚከርም ካርቶን 25 ዲግሪን የት ያገኘዋል? «ያው ነው» ማለት የሚቻለው ያው እንዲሆን የሚያደርግ ሥርዓት ሲኖር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ። መንግሥት ብቻ አይደለም የሚንቀሳቀሰው ነገር ባለቤት።

አንደኛው ቡና ነው። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ በውኃ ተውጦ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ምንም ሳይቀመስ መቆየት አለበት። ቡና ደግሞ ከኪኒኑ ጋር ወይም ወዲያው ሲከተል መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ2008 የጣሊያን ሐኪሞች በኤስፕሬሶ ጠጪዎች ላይ አሳይተዋል። ጣሊያኖች በአንዲት ሲኒ እንዲህ ከሆኑ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን የምንቀመጠው እኛ ምን እንባል? ከሐኪም ቤት ስንወጣ «በባዶ ሆድ ውሰጂ» እንባላለን። ቡና በእኛ ቤት ምግብ ተብሎ አይቆጠርም፤ ስለዚህ «በባዶ ሆድ» የሚለው ቃል ቡናን አይከለክልም። ምክሩ ቡናን በስሙ መጥራት አለበት። ጠዋት የማይመቸው ሰው አማራጭ አለው። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ማታ ከመኝታ በፊት መዋጡ ከጠዋቱ እንደሚሻል አሳይቷል፤ እራት ከተበላ ሦስት ሰዓት ያህል ማለፍ አለበት እንጂ። እኔም ወደ ማታ አዙሬያለሁ፤ የጠዋት ቡናዬ ከማንም ጋር አይጣላም።

ሁለተኛው ጾም ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምስ ሰው ጠዋት የዋጠው ኪኒን ለሰዓታት ብቻውን ነው፤ በፋሲካ ማግስት ደግሞ ያው ሰው ኪኒኑን ውጦ ወዲያው ቁርስ ላይ ይቀመጣል። በጾሙና በፍስኩ የተደረጉት ምርመራዎች ቢለያዩ አይግረመን። በረመዳን የሚጾሙትም ሰዓታቸውን ወደ ሱሁር ወይም ወደ መኝታ ሲያዞሩ እንዲሁ ነው። ኪኒን ከነውኃው ጾም ያስፈታል ብለው የሚተዉ አሉ፤ ይህ ከንስሐ አባትና ከሐኪም ጋር የሚመከርበት ነው። ሐኪሙ ግን ምርመራው በየትኛው ወቅት እንደተደረገ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ሦስተኛው ሻንጣ ነው። ኪኒኑ ሲጠፋ ለዘመድ ይደወላል። ከዱባይ አንድ ዓይነት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሌላ ዓይነት ይመጣል። አብሮም «ለጸጉርሽ ይሁንሽ» ተብሎ የቫይታሚን ጠርሙስ ይገባል። በዚህ ጠርሙስ ውስጥ የሚኖረው ባዮቲን ነው መዘዙ። ብዙ ባዮቲን የሚወስድ ሰው ደም በአንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ሲመረመር ቲኤስኤቹ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ፣ ሆርሞኑ ደግሞ ከፍ ብሎ ይታያል። በሌለ በሽታ ዶዙ ይቀነሳል ማለት ነው። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2017 አስጠንቅቋል። ከምርመራው ሁለት ሦስት ቀን በፊት ቫይታሚኑን ማቆም ይበቃል። የብረትና የካልሲየም ኪኒኖችም ቢያንስ አራት ሰዓት መራቅ አለባቸው፤ ይህ በተለይ የብረት ኪኒን የሚሰጣቸውን ነፍሰ ጡሮች ይመለከታል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ የሆርሞን ፍላጎቷ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል፤ የፅንሱ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠቀመው የእናቱን ስለሆነ ቀጠሮ አይጠብቅም፣ እርግዝናው እንደታወቀ ለሐኪም መደወል ነው።

በተቃራኒው ዕጢያቸው ከልክ በላይ የሚሠራባቸው ሰዎች ችግር ሌላ መልክ አለው። ለረዥም ዘመን እኛ ዘንድ በስፋት ሲሰጥ የኖረው ፕሮፒልታዮዩራሲል፣ በተለምዶ ፒቲዩ የምንለው ነው። ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ከባዱን ማስጠንቀቂያ ለጠፈችበት፤ ከእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት በስተቀር በብዙ አገሮች ቅድሚያ የሚሰጠው ለሜቲማዞል ወይም ለካርቢማዞል ነው። ሁሉም ቢሆኑ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ያጠፋሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲጀምረው «ጉንፋን ነው» ብሎ መተኛት የለበትም፤ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ደሙን መመርመር አለበት። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ሲጠቁርም እንዲሁ። እዚህም የልኩ ጣጣ አለ። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ሆርሞኑ ተስተካክሎ እንኳ ቲኤስኤች ለወራት ሳይነሳ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ፍሪ ቲ4 የተባለው ምርመራ አብሮ ካልታየ ዶዙ እየተጨመረ ሰውየው ወደ ሌላኛው ገደል ይገፋል። ሁለት ምርመራ ደግሞ ሁለት ክፍያ ነው።

ይህ ሁሉ ሕመምተኛ ከየት መጣ ለሚል፣ መልሱ በከፊል ጨው ውስጥ ነው። አገራችን አዮዲን ያለው ጨው የምታገኘው ከኤርትራ ወደቦች ነበር፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ያ ተቋርጦ ፊታችንን አዮዲን ወዳልተጨመረበት የአፍዴራ ጨው አዞርን። በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጣ፤ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2011 ከነበሩበት 15 በመቶ በ2016 ወደ 89 በመቶ ደረሱ። ትልቅ ሥራ ነው። ጨው ግን ያደረ እንቅርትን አያጠፋም፤ እንዲያውም ለዓመታት አዮዲን ተርቦ የኖረ እንቅርት ድንገት ሲያገኝ አንዳንዱ ከልክ በላይ መሥራት ይጀምራል። ስለ ጨው ያሰበው ፖሊሲ ስለ ኪኒኑ አላሰበም።

እኔ አሁን ከሐኪሜ ጋር የደረስንበት ሒሳብ በሳምንት 600 ማይክሮግራም ነው። አምስት ቀን 100፣ ቅዳሜና እሑድ 50። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ስለሚቆይ የሳምንቱ ድምር ከተጠበቀ ችግር የለውም። ምርመራውን ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ አደርጋለሁ፤ የማሸጊያውንም ስም ከውጤቱ ጎን እጽፋለሁ። ይህን ግን የማደርገው ደመወዝ ስላለኝና ማንበብ ስለምችል ነው፤ ከገጠር መጥታ ዕጢዋን አስወጥታ የሦስት ወር ኪኒን ተሰጥቷት የምትመለስ ሴት ምን ታድርግ?

የሚቻለው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይህን መድኃኒት ሲገዛ በየጨረታው አምራች ከመለዋወጥ ለረዥም ጊዜ ከአንድ አምራች ጋር ቢዋዋል፣ ትንሽ የዋጋ ልዩነት እንኳ ቢኖር በምርመራ ወጪ ይካካሳል። ፋርማሲዎች ምርት ሲቀየር በደረሰኙ ላይ ይጻፉ፤ ሐኪሞች በማዘዣው ላይ የምርቱን ስም ያስፍሩ። ምርት የተቀየረበት ሕመምተኛ ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚያደርገውን ቲኤስኤች የጤና መድኑ ይሸፍን። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደግሞ የመድኃኒት ጉዳት የሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽ አለው። ፈረንሳይ ውስጥ ነገሩ የታወቀው ሰው ስለተናገረና ስለተቆጠረ ነው፤ እኛ ዘንድ ቅሬታው ከፋርማሲው መስኮት አያልፍም። የእኔን ጉዳይ አንዲት ባለሙያ ሞልታ እንድትልክልኝ ባለፈው ወር ጠይቄያለሁ። ቅጹ እስኪገኝ ሦስት ፋርማሲ መዞር ነበረብኝ።